ባለ እንቁራሪት ዓይኗ ስፕራይት፦ የርካሽነቷና የዝገቷ ታሪክ

የመጀመሪያዋ ኦስቲን-ሂሊ ስፕራይት የኋላ ኮፈን የላትም። ሻንጣ የያዘ ሰው ወንበሩን ወደ ፊት አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ወደ ጨለማው እየሰደደ ነው ዕቃውን የሚያስገባው። ትርፍ ጎማዋም የሚቀመጠው እዚያው ነው፤ ጎማ የተነፈሰበት ሹፌር ትርፉን ለማውጣት መጀመሪያ ሻንጣዎቹን በወንበሮቹ በኩል ጎትቶ አስፋልት ላይ መደርደር ነበረበት። በሮቿ ከውጭ እጀታ የላቸውም። የበሯ መስታወትም ተዘውሮ የሚወርድ ሳይሆን ተሰክቶ የሚነቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለሽያጭ ስትቀርብ ማሞቂያው፣ የሞተር ዙር መቁጠሪያው፣ የፊት መከላከያ ብረቱ ሳይቀር ለየብቻ የሚከፈልባቸው ነበሩ።

ዛሬ ይህችን መኪና ከጋራዥ ጥግ፣ ከአቧራ ውስጥ አውጥቶ ሊያድሳት የሚነሳ ሰው እነዚህን ነገሮች እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊያሻሽላቸው ይቃጣዋል። ወለሏ ተበልቶ፣ በሯ አልገጥም ብሎ ሲያያት ደግሞ ድሮውንም በግዴለሽነት የተሠራች ትመስለዋለች። መዝገቡ የሚለው ግን ሌላ ነው። ስፕራይት ላይ የጎደለው ሁሉ ታስቦበት የጎደለ ነው፤ ዛሬ ዝገት የሚያጠቃትም ያ ስሌት ባለፈበት መስመር ነው። ስለዚህ የተወለደችበትን ታሪክ ያላወቀ ሰው ሕመሟንም አያውቅም።

ታሪኩ የሚጀምረው በሁለት ሰዎች ጭውውት ነው። አንዱ ዶናልድ ሂሊ ነው። በ1898 በኮርንዎል የባሕር ዳርቻ፣ በፔራንፖርት ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና በለጋ ዕድሜው አብራሪ ሆነ፤ የገዛ ወገኑ ፀረ አውሮፕላን መድፍ መትቶ ጣለውና በጉዳት ከአገልግሎት ተሰናበተ። በ1931 ኢንቪክታ በተባለች መኪና የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዋሪክ ከተማ በስሙ የሚጠራ ትንሽ የመኪና ድርጅት አቋቋመ። ሌላው ሰር ሊዮናርድ ሎርድ ነው፤ በ1952 ኦስቲንና የሞሪሱ ናፊልድ ተዋህደው የመሠረቱት የብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን አለቃ። ሁለቱን ያገናኛቸው በዚያው በ1952 በለንደን የኧርልስ ኮርት የመኪና ትርዒት የቀረበችው የሂሊ መኪና ነበረች። ሎርድ አይቷት ወደዳት፤ በትርዒቱ ቀናት ውስጥ ስምምነት ተደርሶ መኪናዋ ኦስቲን-ሂሊ 100 ተባለች። ትልቁ ድርጅት ይሠራታል፣ ትንሹ ድርጅት ይነድፋታል፣ ከእያንዳንዷ ሽያጭ ለሂሊ ድርሻ ይከፈለዋል። ይህ ውል ለስፕራይትም መሠረት ሆነ፤ በኋላ ስሟን ያሳጣትም የዚህ ውል መፍረስ ነው።

በ1956 መጨረሻ ገደማ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሎርድ አንድ ነገር አነሳ። የስፖርት መኪኖች እየከበዱና እየተወደዱ ሄደዋል፤ ከጦርነቱ በፊት ደሞዙ አነስተኛ የሆነ ወጣት በኦስቲን ሰቨን የስፖርት ዓይነቶች ወይም በትንሿ ኤም ጂ ይጽናና ነበር፤ አሁን ለእሱ የሚሆን የለም። ሰውየው ብስክሌቱን በሚያቆምበት ቤት ውስጥ ሊያቆማት የሚችላት መኪና እንደሚያስፈልግ ሎርድ ተናገረ እየተባለ በሰፊው ይተረካል። አባባሉ ቃል በቃል ይሁን አይሁን፣ ያለበት ሁኔታ እውነት ነበር። በዚያ ወቅት ኤም ጂ ኤ የተባለችው የስፖርት መኪና ግብርን ጨምሮ ዋጋዋ ወደ 1,000 ፓውንድ ይጠጋ ነበር። እንግሊዝ በስዊዝ ቦይ ቀውስ ምክንያት ከታኅሣሥ 1956 ጀምሮ ለወራት ቤንዚን በራሽን ታድል ነበር። ትንሽ ሞተር ያላት፣ ቤንዚን የምትቆጥብ መኪና ለማሰብ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም።

ዶናልድ ሂሊ ወደ ዋሪክ ተመልሶ ለልጁ ለጄፍሪ ነገረው። ሥራው በሦስት ሰዎች እጅ ነበር ማለት ይቻላል፦ ጄፍሪ ሂሊ አጠቃላዩን መራ፣ ባሪ ቢልቢ አካሏንና አጥንቷን ነደፈ፣ ጄሪ ኮከር መልኳን ሳለ። የተሰጣቸው መመሪያ ጥብቅ ነው፤ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሬኑም፣ መሪውም ቀድሞ ከሚመረቱት የኮርፖሬሽኑ መኪኖች ይወሰዳል። ሞተሩ ከኦስቲን ኤ 35 መጣ፤ 948 ሲሲ ሆኖ በሁለት ኤስ ዩ ካርቡራተር 43 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ ተደረገ። የፊት እግሮቿም የኤ 35 ናቸው። መሪዋ ከሞሪስ ማይነር ተወሰደ፤ ይህ ለእሷ ትልቅ ዕድል ነበር፤ የማይነር መሪ ቀጥተኛና ፈጣን በመሆኑ ስፕራይትን የነዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው የመሪዋን ቅልጥፍና ነው።

አዲስ መሠራት የነበረበት አካሏ ብቻ ነው። የቢልቢም ብልሃት፣ የዛሬው አዳሽም ራስ ምታት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የስፖርት መኪና ማለት በአብዛኛው ከታች ወፍራም የብረት ሻንሲ፣ ከላይ የተጫነ ላሜራ ማለት ነበር። ላሜራው ቢበሰብስ ሻንሲው መኪናዋን ይሸከማል። ቢልቢ ሻንሲውን ተወው። ወለሉ፣ ከበሩ ሥር የሚያልፈው ሳጥን መሰል አግዳሚ፣ በመካከል የካርዳን ዘንጉ የሚሄድበት ጉብታ፣ ከሞተሩና ከወንበሮቹ ጀርባ ያሉት ግድግዳዎች አንድ ላይ ተበይደው ራሳቸው ሻንሲ ሆኑ። ከፊተኛው ግድግዳ ሁለት እግሮች ወደ ፊት ወጥተው ሞተሩንና የፊት ጎማዎቹን ይይዛሉ። በብዛት ከተመረቱ የስፖርት መኪኖች ይህን አሠራር በመጠቀም ስፕራይት የመጀመሪያዋ ናት። የኋላ ጎማዎቹን ክብደት ለማስተላለፍ ቢልቢ ከጃጓር ዲ የውድድር መኪና ሐሳብ ወሰደ። ሙሉ ባሌስትራ ከመጠቀም ይልቅ ግማሹን አስቀርቶ፣ ወፍራም ጫፉን ከወንበሮቹ ጀርባ ወለሉ ውስጥ ባለ ሳጥን አሰረው፤ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ኋላ ወጥቶ የጎማውን አክስል ይይዛል። በዚህ መንገድ ከመንገዱ የሚመጣው ጉልበት ሁሉ ወደ ወለሉ ይገባል፤ ከአክስሉ በኋላ ያለው የመኪናዋ ክፍል ከባድ ብረት አያስፈልገውም።

የኋላ ኮፈን ያልተሠራላትም ለዚህ ነው። የኋላው ክፍል እንደ እንቁላል ቅርፊት ድፍን ሆኖ ሲቀር ቀጭን ላሜራም ቢሆን ይጠነክራል። ቀዳዳ ከተከፈተለት ዙሪያውን ማጠናከሪያ፣ ማጠፊያ፣ መዝጊያ፣ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ነው። እንዲያም ሆኖ ሙከራው ሐሳባቸውን ሳይነቅፍ አላለፈውም። የመጀመሪያው መኪና በሚራ መፈተኛ ሜዳ፣ ጎርባጣ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲነዳ የኋላው አካል ተጨማደደ፤ የላሜራው ውፍረት እንዲጨመር ተደረገ። ይህን እውነታ የሚያውቅ አዳሽ የኋላውን ቆርጦ ኮፈን ለማበጀት ከመነሳቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ዓይኖቿስ? ኮከር በመጀመሪያ የሳላቸው መብራቶች ቀን ቀን የፊት ኮፈኑ ላይ ተኝተው፣ ማታ የሚነሱ ነበሩ። የማንሻው መሣሪያ ዋጋ ሲሰላ በዛ። ኮከር ደግሞ በዚያ መሃል ሥራውን ለቆ አሜሪካ ሄዷል። በዋሪክ የቀሩት መብራቶቹን ቀና እንዳሉ ኮፈኑ ላይ ተከሉአቸው። ከታች ያለው የአየር ማስገቢያ አፏ ፈገግ ያለ ስለሚመስል ሕዝቡ ወዲያው ስም አወጣላት፤ እንግሊዞች የእንቁራሪት ዓይን፣ አሜሪካኖች የነፍሳት ዓይን አሏት። የሽያጭ ሰዎች የከፈሉበት ስም አይደለም፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ከተደረገ ውሳኔ የተወለደ ፊት ነው። ዛሬ ያቺን መኪና የሚወድ ሁሉ የሚወዳት በዚያ ፊት ነው።

ስፕራይት የሚለው ስም ግን አዲስ አልነበረም። በ1930ዎቹ ራይሊ የተባለው ድርጅት ለአንዲት መኪናው ተጠቅሞበት ነበር፤ ራይሊ በናፊልድ በኩል በኮርፖሬሽኑ እጅ ስለገባ ስሙም አብሮ መጣ። ግንቦት 20 ቀን 1958 በሞንቴ ካርሎ ለጋዜጠኞች ቀረበች፤ የሞናኮ ግራንድ ፕሪ ውድድር ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። ዘ ሞተር የተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት ፈትኗት የመዘገበው እንዲህ ነው፦ ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 133 ኪሎ ሜትር፣ ቆማ ተነስታ 60 ማይል ለመድረስ 20.5 ሰከንድ፣ የቤንዚን ፍጆታዋ በ100 ኪሎ ሜትር 6.6 ሊትር። የተፈተነችው መኪና ዋጋ 678 ፓውንድ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 223ቱ ግብር ነው። ፍጥነቷ ለዚያ ዘመንም የሚያስደንቅ አልነበረም። ነገር ግን ርዝመቷ ሦስት ሜትር ተኩል የማይሞላ፣ ክብደቷም ከ700 ኪሎ በታች ስለሆነ፣ መሬት ተጠግታ ስለምትሄድም፣ ፍጥነቱ ከልኩ በላይ ሆኖ ይሰማል። በ1959 በአሜሪካ፣ በሴብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር ስፕራይቶች በምድባቸው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ለአሜሪካ ገበያ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልጋትም ነበር፤ ከተመረቱት አብዛኞቹም ወደዚያው ተጫኑ።

አንዲት ስፕራይት ተሠርታ ለማለቅ ግማሽ እንግሊዝን ትዞር ነበር። ወለሏ በዎልቨርሃምፕተን ተቀርጾ ወደ ስዊንደን ይሄዳል፤ እዚያ የቀረው ላሜራ ይበየድበታል፤ ቀለም ለመቀባት ወደ ካውሊ፣ ሞተርና ጎማ ለመግጠም ወደ አቢንግደን የኤም ጂ ፋብሪካ ይጓዛል። የሂሊ ስም የያዘች መኪና በኤም ጂ ሠራተኞች እጅ መገጣጠሟ በኋላ ትርጉም ያለው ነገር ይሆናል። ቀለሙ ከውጭ የሚታየውን ሁሉ ሸፍኗል። ተበይደው የተዘጉት ሳጥኖች ውስጥ ግን የሚረጭ ቀለም አይደርስም።

ዝገቱን መረዳት የሚቻለው ከዚህ ተነስቶ ነው። በእንግሊዝ ክረምት በረዶ እንዳይጋገር መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጎማው ጨዋማውን ጭቃ አንስቶ ወደ በሩ ሥር ሳጥን ይወረውራል፤ ጭቃው በስፌቱ በኩል ይገባል፤ መውጫ የለውም። ከላይ ደግሞ የጣሪያዋ ሸራ ዝናብ ያሳልፋል፤ ውሃው ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ወለሉ ከሁለት ወገን ይበላል። ሦስተኛው የባሌስትራው ሳጥን ነው፤ የኋላ ጎማው ፊት ለፊት ስለሆነ ጭቃ ይጠራቀምበታል። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙት ክፍሎችና በቀላሉ የሚዝጉት ክፍሎች አንድ ናቸው ማለት ነው። ሻንሲ ያላት መኪና ስትዝግ መልኳ ይበላሻል፤ ስፕራይት ስትዝግ ግን ወገቧ ይጎብጣል።

ምልክቱ በሩ ላይ ይታያል። በበሩና በኋላው ፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናዋ መሃሏ ላይ ሰምጣለች። የዋህ አዳሽ ማጠፊያውን እያጣመመ በሩን ያስተካክላል፤ ወይም የተበላውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባበታል። ብዙ ስፕራይቶች የሞቱት በዝገት ሳይሆን በዚህ ዓይነት እድሳት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ትክክለኛው አካሄድ መጀመሪያ አካሏን ከታች እኩል ደግፎ ክፍተቶቹን መለካት፣ ከዚያ ከበሩ ፊት ካለው ምሰሶ እስከ በሩ ጀርባ ብረት አግድሞ መበየድ ነው። ይህ ሳይደረግ የበሩ ሥር ሳጥን ከተቆረጠ መኪናዋ በሰከንድ ውስጥ ትታጠፋለች፤ አዲሱ ላሜራ ከተበየደ በኋላም እንደታጠፈች ትቀራለች። የቀኙና የግራው ሳጥን በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። አንዱ ተበይዶ፣ በሩ ተሰቅሎ፣ ክፍተቱ ተለክቶ ሲያበቃ ነው ወደ ሌላው የሚታለፈው። ጊዜ ይፈጃል፤ አቋራጭ ግን የለውም።

የፊት ኮፈኗ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች ጋር አንድ ወጥ ሆኖ፣ ጀርባው ላይ ባለ ማጠፊያ ወደ ላይ ይነሳል። ሲከፈት ሞተሩም የፊት እግሮቹም ከነሙሉ አካላቸው ይታያሉ፤ ለመካኒክ ከዚያ የበለጠ ምቾት የለም። ክብደቱ ግን ማጠፊያውን ያደክመዋል፤ ነፋስም ያነሳዋል። በግጭት የተጎዱትን ብዙ ባለቤቶች በፋይበር ግላስ ተክተዋቸዋል፤ ለውድድር የተዘጋጁትም ቀለል ያለና ሾል ያለ አፍንጫ ይገጠምላቸው ነበር። የመጀመሪያውን የብረት ኮፈን የያዘች መኪና ያገኘ ሰው ዝገቷን ሳይሆን ኮፈኗን ነው መጀመሪያ ማየት ያለበት፤ ወለል ይበየዳል፣ ያንን ፊት መልሶ መቅረጽ ግን ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው።

ስለ ሞተሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ይኸው የሞተር ዘር በ1951 በኦስቲን ኤ 30 ጀምሮ በሚኒ ውስጥ እስከ 2000 ድረስ ተመርቷል። መለዋወጫው ሞልቷል፤ በቤት ውስጥ የሚፈታና የሚገጠም ነው።

ባለ እንቁራሪት ዓይኗ ስፕራይት 48,987 ተሠርታ በ1961 ለተከታይዋ ቦታ ለቀቀች። አዲሷ መብራቶቿ በፓራፋንጎዎቹ ላይ ናቸው፤ የኋላ ኮፈንም አላት። በዚያው ዓመት ኤም ጂ ሚጅት የምትባል መንታዋ ወጣች፤ ከምልክቷና ከጌጧ በቀር አንድ ናቸው። በ1964 ሁለቱም ተዘዋሪ መስታወትና የተለመደውን ሙሉ ባሌስትራ አገኙ። ሕይወታቸው ግን እኩል አልረዘመም። በ1968 የኮርፖሬሽኑ ወራሽ ብሪቲሽ ሌይላንድ ከተመሠረተ በኋላ አዲሱ አመራር ለሂሊ ድርሻ መክፈሉን ማቆም ፈለገ፤ ውሉ ተቋረጠ። በ1971 የመጨረሻዎቹ ጥቂት መኪኖች የሂሊ ስም ተነስቶላቸው ኦስቲን ስፕራይት ተብለው ተሸጡ። ሚጅት እስከ 1979 ቀጠለች፤ የአቢንግደን ፋብሪካም በ1980 ተዘጋ። የአንዲት መኪና ስም የተፋቀው መኪናዋ ስላረጀች ሳይሆን ለነደፋት ሰው ጥቂት ፓውንድ ላለመክፈል ነበር። ዶናልድ ሂሊ ይህን ሁሉ አይቶ በ1988 ዓረፈ።

ሆኖም የመንታዋ ረጅም ዕድሜ ታላቋን ጠቀማት። ቢልቢ በ1957 የነደፈው የወለል አጥንት በመሠረቱ ሳይቀየር እስከ 1979 ስለተመረተ፣ ለሚጅት የሚሠራው የወለልና የበር ሥር ላሜራ አብዛኛው ለስፕራይትም ይሆናል። በ1988 ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት የቀድሞዎቹን የፋብሪካ ቅርጽ ማውጫዎች ሰብስቦ ኤም ጂ ቢ የተባለችውን የስፖርት መኪና ሙሉ አካል እንደ አዲስ ማምረት ጀመረ፤ የሚጅትም ተከተለ። ይህ ለአዳሾች በረከት ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ወለሏ አዲስ፣ በር ሥሯ አዲስ፣ ኋላዋ አዲስ ከሆነ የ1958 መኪና የምትባለው በምኗ ነው?

የእኔ መልስ፦ በመዝገቧ ነው። እያንዳንዷ ባለ እንቁራሪት ዓይን ስፕራይት የሻንሲ ቁጥር አላት፤ ቁጥሩ ኤ.ኤን.5 በሚሉ ፊደላትና አኃዝ ይታጀባል። የሞተሩ ቁጥር በ9ሲ ይጀምራል። የፋብሪካው የምርት መዝገቦች በዋሪክሻየር፣ ጌይደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ተጠብቀዋል፤ ባለቤት ቁጥሩን ልኮ መኪናዋ መቼ እንደተሠራች፣ በምን ቀለም እንደተቀባች፣ ከነምን ተጨማሪ ዕቃ ወዴት እንደተላከች የሚመሰክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። መኪናዋ ራሷም ምስክር ናት። ሦስት ጊዜ የተቀባች ብትሆን እንኳ ከመለኪያ ሰሌዳው ጀርባና ከምንጣፉ ሥር የካውሊው ቀለም ይገኛል፤ ቼሪ ቀይ፣ ስፒድዌል ሰማያዊ፣ ወይም ሊፍ አረንጓዴ። የብየዳ ነጥቦቹ አደራደር፣ በፋብሪካ ያልነበረ ቀዳዳ፣ የተለየ ብሎን፣ የትኛው ባለቤት ምን እንዳደረገ ይናገራሉ። በመፍጫ ከተፋቁ በኋላ ግን ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች መኪና በእጅህ ካለች፣ በያጅ ከመጥራትህ በፊት የሻንሲዋንና የሞተሯን ቁጥር ጻፍ፤ ከሁሉም ወገን፣ ከሥሯም ጭምር ፎቶግራፍ አንሳት፤ ከሰሌዳው ጀርባ የጥፍር ያህል ቀለም ገልጠህ መጀመሪያ ምን እንደነበረች እይ፤ ቁጥሩን ወደ ጌይደን ላክ። ወረቀቱ እስኪደርስህ ድረስ ምንም አትቁረጥ።